በአጎቴ ኩሬ ላይ የተዘረጋው ገመድ

እስካሁን ድረስ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ከኋላዬ በተነፋ ቁጥር የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ትከሻዬ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ትንፋሼን ስቤ አስፋልቱ ላይ ልወረወር የተዘጋጀሁ ይመስል ድርቅ ብዬ እቀራለሁ። የደሴና የአዲስ አበባ መኪና ሁሉ ከሚሴን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ፊሽካ የማልሰማበት ቀን የለም። ሰው የደነገጥኩ ይመስለውና «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» ይለኛል። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ፊሽካው በልጅነቴ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን የዋና ውድድር ወደጠበቅኩበት ቀን እየመለሰኝ ነው።

እናቴ የጨፋ ልጅ ናት። የወላጆቿ ቤት ከቦርከና ማዶ ስለነበር፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ሌላው ሰው ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ደረቅ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ አናቷ ላይ አስራ ትሻገር ነበር። እኔንም ያስተማረችኝ እዚያው ነው። ውሃው የማይበረታበትን ቦታ መርጣ፣ ጭቃ የመሰለውን ውሃ እያሳየችኝ፣ «የምትወጪበትን ቦታ አትመልከቺ፣ ከሱ ከፍ ብሎ ያለውን ዛፍ እዪ፤ ወደ ታች የሚያወርድሽ ውሃው ራሱ ነው» ትለኝ ነበር። ቦርከናን የሚዋኝ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ላይኛው ዳር አዙሮ አግድም ነበር የሚዋኘው፤ ቀጥ ብሎ የገባማ ውሃው ወስዶት አፋር ነው የሚወጣው ተብሎ ይቀለድ ነበር።

አባቴ የሞተው ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ከዚያ ወዲያ የቤታችንን ነገር የሚቆርጡት ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ሰይድ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መኸር በመጣ ቁጥር ጤፉንና ማሽላውን ሳያጓድሉ በአህያ ጭነው በራችን ላይ ያራግፉልን ነበር። ታዲያ ከማሽላው ጋር ቃላቸውም አብሮ ይገባ ነበር፤ የትኛው ጎረቤት ቤት እንደምንሄድ፣ እናቴ ምን እንደምትሸጥ፣ እኔ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደምማር ሁሉ እሳቸው ይናገሩ ነበር። እናቴ ትሰማቸው ነበር፣ አንቱታዋንም አንድ ቀን ለቃ አታውቅም፣ ከዚያ የፈለገችውን ታደርግ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ውሃው ጠርቶ ድንጋዩ መታየት ሲጀምር፣ መምህር ታደሰ የሚባለው የስፖርት አስተማሪያችን የልጆች የዋና ክለብ አቋቋመ። ክለብ ስንል አንድ ፊሽካ፣ አንድ ያረጀ ፎጣና ቦርከና ማለት ነበር። ወንዙ ተጠምዝዞ ረጋ የሚልበት ቦታ እየወሰደን ያለማምደን ነበር፤ ከሴቶቹም ከወንዶቹም እኔን የሚቀድም አልነበረም። እናቴ ከጥቁር ጨርቅ እጅጌው ረጅም ልብስ ከነሱሪው ሰፍታልኝ ነበር። አጎቴ ይህን በሰሙ ቀን ከገበያ በቀጥታ ወደ ቤታችን መጡ።

«ልጅቷን ሰው ፊት ታንቦጫርቂያታለሽ አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ አታውቂም?»

«አውቃለሁ፤ ሳቁን ከኔ ጋር ለምዳዋለች» አለቻቸው እናቴ፣ እህል ከማበጠሯ ቀና ሳትል።

በጥር የክለቦች ውድድር ኮምቦልቻ ይደረጋል ተባለና በአንድ ሚኒባስ ተጭነን ሄድን፤ እናቴም ከጎኔ ተቀምጣለች። መምህር ታደሰ መንገዱን ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ደንቡን ሲያስረዳን ነበር፤ ፊሽካ ሳይነፋ የዘለለ ይሰረዛል፣ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ መስመር ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን በእጁ መንካት አለበት። እኛ «እሺ፣ እሺ» እንላለን እንጂ መስመር የሚባለው ነገር ውሃ ላይ እንዴት እንደሚሰመር አንዳችንም አልገባንም ነበር። ደርሰን ገንዳውን ስናየው ያስገረመን ሰማያዊነቱ አይደለም፤ የማይሄድ መሆኑ ነው። ያን ያህል ውሃ ተኝቶ አይተን አናውቅም።

ተራዬ ሲደርስ ዘልዬ ገባሁ። ራሴን ከውሃው አውጥቼ ነበር የምዋኘው፣ እንደ ወንዙ፤ ዓይኔም ሳላዘው ከገንዳው ማዶ፣ ከፍ ብሎ በግራ በኩል የቆመ የውሃ ታንከር ያዘ። ወደ እሱ ሄድኩ። አንድ ገመድ ደረቴን ሲነካኝ ጎንበስ ብዬ በታች ሾለክሁና ቀጠልኩ። ግድግዳውን ስነካ ከሁሉም ቀድሜ ነበር፣ ግን የነካሁት የሌላ ልጅ መስመር ላይ ነው፤ የመስመሩ ባለቤት ከኋላዬ መጥታ እግሬ ላይ ተላተመች። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ስላሸነፍኩ የተደሰቱልኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። ሳቁ ባሰ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ስሜ ተጠርቶ «ተሰርዛለች» ተባለ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገው ዳኛ ዘንድ ሄደች።

«ቀድማለች፣ አልቀደመችም?»

«ቀድማለች እናቴ። ግን በሰው መስመር ነው የደረሰችው።»

«ውሃ ደግሞ ድንበር አለው?»

«እዚህ አለው።»

እናቴ ትጮሃለች ብዬ ስፈራ ነበር፤ እሷ ግን «እንዲያ ከሆነ አሳየኝ» አለችው። ሰውየው ደግ ነበር፣ ሥራውን ትቶ ገንዳው ዳር ይዟት ሄደ። ገመዱን በእጇ ጎትታ አየች፣ የተሰካኩበትን ተንሳፋፊዎች ዳሰሰች፣ ከአንዱ ገመድ እስከ ሌላው ያለውን ስፋት ጎንበስ ብላ በክንዷ ለካች። ሕዝቡ አሁን ደግሞ በእሷ ይስቅ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከሚሴ ገብቶ ነበር። ትምህርት ቤት «አግድሜ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ በመተላለፊያው ሳልፍ ልጆቹ አግድም እየተራመዱ ያሳዩኝ ነበር። አጎቴም መጥተው ቁመው ተናገሩ፣ አልተቀመጡም።

«በቃ። የወንድሜ ልጅ ስም በማይክሮፎን ተሰረዘ። ከእንግዲህ ውሃ አትገባም።»

የዚያን ቀን አለቀስኩ። ለዋንጫው ብዬ አልነበረም፤ ዋንጫውን አይቼውም አላውቅ። ውሃ ውስጥ ስሆን ማንም የማያዘኝ፣ አባት የሌለኝ መሆኔንም የምረሳ ልጅ ነበርኩ፤ እሱን ከወሰዱብኝ ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም ነበር። እናቴ እስክጨርስ ጠብቃኝ፣ «የተሰረዝሽው ስለተሸነፍሽ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «እንግዲያስ ለምን ታለቅሻለሽ፤ ተነሺ፣ የጥጆቹን ገመድ ፍቺልኝ።»

ጨፋ ላይ አጎቴና አባቴ አብረው የቆፈሩት የመስኖ ኩሬ ነበረን። ከቦዩ ውሃ እየሰበሰበ በበጋ የአጎቴን የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ከታች ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ነው። ውሃው አይሄድም። እናቴ የጥጆቹን ማሰሪያ ሁሉ ቀጣጥላ፣ ባዶ ሃይላንድ በየመካከሉ እያሰረች፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ገመድ ዘረጋች፤ በመካከላቸው የተወችው ስፋት ኮምቦልቻ የለካችው ነበር። እኔ በገመዶቹ መሃል እዋኛለሁ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ዳር ዳሩን እየሮጠች «ቀጥ! ቀጥ በይ! የሚገፋሽ የለም፣ አንቺም አትጋፊ!» ትለኛለች። ሰውነቴ እሺ አይልም ነበር። ትከሻዬ ገመዱን እየፈተገ ቆዳዬ ተላጠ፤ የሚገፋኝ በሌለበት ቀጥ ብሎ መሄድ ከሞላው ወንዝ ይልቅ ከበደኝ።

አጎቴ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ደረሱብን። ዱላቸውን ተደግፈው ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መስመር ነው» አለች እናቴ።

«ከኩሬዬ አውጪልኝ!»

«ኩሬውን የቆፈራችሁት አንቱና ባሌ ናችሁ። በአንቱ ግማሽ ሽንኩርትዎን ያጠጡ፤ በሟች ግማሽ ልጁ ትዋኝበት። ወላሂ አንዲት ጣሳ አትጎድልብዎትም።»

«ውሃ ደግሞ እንዴት ሆኖ ነው የሚከፈለው?»

«በገመድ። ኮምቦልቻ ሲከፍሉት አይቻለሁ።»

አጎቴ ፊታቸውን አዙረው ወደ ማሳቸው ወረዱ። በማግስቱ ስንመጣ ግን ኩሬው ባዶ ነበር፤ የማፍሰሻውን በር ከፍተው ውሃውን በሙሉ ሽንኩርቱ ላይ ለቀውታል፣ ገመዳችን ላስቲኩ ላይ ተጋድሟል። እናቴ ዳር ላይ ተቀመጠችና «ይጠጣ፣ ሽንኩርቱም ነፍስ አለው። ኩሬው መልሶ ይሞላል» አለች። ሞላም። ገመዱን መልሰን ወጠርን፣ ሁለት ቀን ዋኘን፣ አጎቴ ደግመው ለቀቁት። ሞላ፣ ወጠርን፣ ለቀቁት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የሳቸው ምላጭ ሽንኩርቱ ሆነ። ሽንኩርት ውሃ ሲበዛበት እንደሚበሰብስ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን እጃቸው ከበሩ አልላቀቅ አለ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ከዳር ያለው መደብ ተኛ፣ ነፋስ ሲመጣ የሚሸት ነገር ጀመረ። መስጊድ በር ላይ ሰዎች «ሰይዶ፣ ሽንኩርቱንም ዋና ልታስተምረው ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ ኩሬውን መንካት ተዉ። ፈቀድኩ አላሉም፤ የሚያጠጡት ሽንኩርት ስላጡ ነው። የተረፈውን እኔና እናቴ ለቅመን፣ በማዳበሪያ ሞልተን ደጃፋቸው አደረስንላቸው።

ሌላ ክረምት አለፈ። ቦርከና ሲሞላ ወንዙን አግድም ተሻገርኩ፣ ውሃው ሲረጋ በኩሬው ቀጥ ብዬ ዋኘሁ፤ ሁለቱንም ለየብቻ የሚያውቅ ሰውነት አወጣሁ። ጥር ሲመጣ ኮምቦልቻ ተመለስን። እናቴ ፊሽካው ሳይነፋ ከአጥሩ ማዶ «ጃባዱ! ጃባዱ ሰዓዲ!» ስትል ይሰማኛል፤ እኔን ሰዓዲን በርቺ ማለቷ ነው፣ ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል። ዘለልኩ። ፊቴን ውሃ ውስጥ ቀብሬ፣ ገመዱ በግራም በቀኝም ሳይነካኝ ሄጄ ግድግዳዬን ነካሁ። ዞር ስል የምድቤ ልጆች ገና እየመጡ ነው። እናቴ እልል አለች። ዳኞቹን አየሁ፤ ሊሰርዘኝ እጁን ያነሳ አልነበረም።

ለፍጻሜ ያለፉት ስም ሲጠራ ግን የኔ አልነበረበትም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ያንኑ ዳኛ ፈልጋ አገኘችው።

«ዛሬ ድንበር አላፈረሰች፣ ቀድማለች፣ ምን ጎደላት?»

«ከምድቧ ቀድማለች። ሌሎቹ ምድቦች ውስጥ ያሉት ግን በሰዓት ይበልጧታል፤ ለፍጻሜ የሚያልፈው በሰዓት ነው፣ እናቴ።»

«ያላየቻቸውን ልጆች እንዴት ብላ ትቅደም? ከነሱ ጋር አስገቧትና ያን ጊዜ እንተያይ።»

ዳኛው ሳቀ፣ ግን በእሷ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ከፈጣኖቹ ጋር እንድመደብ ሰዓቴ እንደሚያበቃኝ ነገራት። እናቴም ወደ መኪናው ስንሄድ የተናገረውን ሁሉ መልሳ ለመምህር ታደሰ አስረዳችው።

ማታ አጎቴ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ተሰረዝሽ?»

«አልተሰረዝኩም።»

«ታዲያ ዋንጫው የታለ?»

«በሰዓት ቀደሙኝ።»

«እንግዲያው ተይው።»

እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። «አልተውም» አልኩ። በዕድሜዬ ለአጎቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ቃሉን ግን አልመለስኩትም። እሳቸውም ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ማሽላው በዚያ ዓመትም አልቀረብንም።

ዛሬ ክለቡን የማሰለጥነው እኔ ነኝ። የራሳችን ገንዳ አሁንም የለንም፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ከመካከላቸው ሴቶቹ ያይላሉ። ያኔ እናቴ ብቻዋን ነበር ከዳኛ ጋር የምትከራከረው፣ ሰውም ይስቅባት ነበር። አሁን ውድድር በመጣ ቁጥር እናቶች ተራ ይዘው ይመጡብኛል፤ «ልጄን ለምን ከደካሞቹ ጋር መደብሻት?»፣ «ሰዓቷን አሳዪኝ»፣ «ግድግዳውን ነክታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ»። አስረዳቸዋለሁ፣ አይቀበሉኝም፣ ደግሜ አስረዳለሁ። ልጅቷ ለምን ትዋኛለች ብላ የምትጠይቀኝ እናት ከጠፋች ቆየች። አጎቴ በሕይወት አሉ፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እጃቸውን እስማለሁ፣ እሳቸውም ይመርቁኛል። ዋናውን ግን እስከ ዛሬ አልፈቀዱልኝም። እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።