የጃኬቱ ግራ እጅጌ

መካነ ሰላም ገበያ ጥግ የሚቀመጡት ሽማግሌ ወጌሻ፣ ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን ጃኬት በጠራራ ፀሐይም አያወልቁም። ዘሊካ ዝናቸውን ሰምታ ከአቀስታ ድረስ መጣች። ወድቃ ያበጠባትን ክንዷን ስትዘረጋላቸው፣ ቅቤ በነካ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ዓይናቸውንም ጨፍነው ቆዩ።

«ወላሂ፣ ይሄን አላውቀውም ልጄ። ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ዘሊካ ከፋት። «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ‹አላውቅም› ሊሉኝ ነው አባባ? የሰፈሬ ወጌሻ እንኳ ገና ሳይነካኝ ‹ቀላል ነው፣ አውቄዋለሁ› ብሎኝ ነበር!»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። የጃኬታቸውን ግራ እጅጌ ሲሰበስቡት፣ ክንዳቸው እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ ብቅ አለ።

«ይችን ራሴው ነኝ የጠገንኳት» አሏት። «ያኔ እኮ የማላውቀው አልነበረም።»