ልጄ ስለ ትምህርት ቤት ሽማግሌ ላከችብኝ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት አባቴ ሻንጣዬን ታክሲው ላይ ጭነው ሲያበቁ ክንዴን ይዘው ጥግ ወሰዱኝ። አባቴ የአንድ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ የሀብታም ልጆችን በር እየከፈቱ ሲያስገቡ ኖረው እኔን አንድ ቀንም ማስገባት አልቻሉም። "ዲቪው ደረሰህ፣ እግዜር ይመስገን" አሉኝ። "ልጅ ስትወልድ ግን እኔ ከምጠብቀው ዓይነት በር ውስጥ አስገባልኝ።" እሺ አልኳቸው። ምን ቸገረኝ፣ ያኔ እንኳን ልጅ ሚስትም አልነበረችኝም።

ይኸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቼ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ፣ አግብቼ ወልጄ፣ ልጄ ቤዛ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። እዚህ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሃይስኩል አለ። አንዱ የሰፈሩ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይገባበታል፣ ከቤታችን በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። ሌላውን ማግኔት ይሉታል፤ ተፈትኖ የተመረጠ ብቻ ነው የሚገባው። ቤዛ ማግኔቱን አለፈች። ደብዳቤው የመጣ ቀን አንብቤ ሳልጨርስ ለአባቴ ደወልኩ። እሳቸውም ለዕድሩ ሁሉ ተናገሩ፤ ጎረቤቱ ዳቦ ይዞ እንኳን ደስ አለዎት ሊል መጣ፣ አንዱማ ዶክተሯ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ ጠይቋል አሉ።

ችግሩ ቤዛ አልሄድም ማለቷ ነው። የማግኔቱ ባስ ሳይነጋ ይነሳል፤ ስትመለስ እኔም እናቷም የማታ ሥራ ገብተናል። ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ግን ሳንወጣ ትደርስብናለች። "ዳዲ፣ ኢትስ ቱ ፋር" ትለኛለች። እኔ በሷ ዕድሜ ስንት ወንዝ ተሻግሬ እንደተማርኩ ነገርኳት፤ እውነቱን ለመናገር በአውቶቡስ ነበር የምሄደው።

የማግኔቱ መግቢያ ቅጽ ተፈርሞ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። የማውቀው ጋሽ ደምሴን ብቻ ነው፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፣ ሁለቱን ከታኮማ ፓርክ በባስ አስመጥተዋቸዋል። ግቡ ብዬ ወንበር ባሳያቸው እምቢ አሉ። "በልጅህ ጉዳይ ነው የመጣነው" አሉ ጋሽ ደምሴ። "እሺ ካላልከን አንቀመጥም።"

ደሜ ፈላ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ማን ሊያገባት ነው ብዬ እንዲወጡ በሩን ልከፍትላቸው ስል ቤዛ ከክፍሏ ወጣች። "እኔ ነኝ የላክኋቸው" አለች፣ ለወትሮው በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በጠራ አማርኛ። ለካ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የእናቷ ዘመድ ስትታጭ አይታ፣ አባት የተባለ ሁሉ ለሽማግሌ እሺ እንደሚል ደምድማለች።

በዚህ መሃል የሕንጻው ማኔጀር መጣች። ነጭ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበዋል ብሎ አንዱ ጎረቤት ኮል አድርጎላት ነው። እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል አለችኝ። ሦስት አልኳት። እነዚህስ ስትል ቤዛ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ሴትየዋ ሽማግሌዎቹንም ባዶውን ሶፋም ካየች በኋላ፣ "ሰር፣ ፕሊስ፣ የስ በላቸውና ይቀመጡ" አለችኝ። ማሞቂያችን ሲበላሽ ሳምንት ሙሉ ብንደውልላት ያልመጣች ሴት ለጋሽ ደምሴ ጉልበት አዘነች።

እሺ ማለት እንዴት ይሁንልኝ? የአባቴን አደራ፣ ያን በር፣ የተበላውን ዳቦ ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን ተደገፉ።

"ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም የተመረጠ ቦታ ገብተዋል፣ ኮርቼባቸዋለሁ" አሉ። "ከሐኪም ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ ግን ያንተ ልጅ ናት።"

ቤዛ ምንጣፉን ምንጣፉን ታያለች። ይህችን ልጅ እሑድ እሑድ ብቻ ላያት ነው እንዴ ብዬ አሰብኩና፣ በሉ ተቀመጡ አልኳቸው። ሦስቱም ባንዴ ሶፋው ላይ ወደቁ። ማኔጀሯም ተቀመጠች።

በማግስቱ ለአባቴ ደወልኩ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው አልኳቸው። መጠየቅ ጀመሩ።

"በሩ ላይ ዘበኛ አለው?"

"አለው፣ አባባ።"

"ከቤት ይርቃል?"

"በእግር ሰባት ደቂቃ ነው።"

"አንተስ ከእኔ?"

አውሮፕላኑ ከግማሽ ቀን በላይ እንደሚበር ነገርኳቸው።

"እሱ ሩቅ ነው" አሉኝ። "እሷን ከቅርቡ አስገባት።"