የጋሽ ጁማ ጥሪ

ጋሽ ጁማ የቅሬያችን፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ጠሪ ናቸው። የአርዲቦን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ ቆመው «የቅሬ ሰው ስማ!» ሲሉ እስላሙም ክርስቲያኑም የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ጠርተዋል። የእናቴንም ሞት አገሩ የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ይዤ ሄድኩባቸው። ሰው ለሰው የሚደርሰው ነገ ይደረስልኛል ብሎ አስልቶ ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ አንብቤ ልቤ አብጦ ነበር።

«ጋሽ ጁማ፣ ለምንድን ነው የሚጠሩት? ለጽድቅ፣ ለክብር፣ ወይስ ነገ ለእርስዎም እንዲደረስልዎ?»

«አንተ ውበቱ፣ ይሄም ይጠየቃል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ታዲያ ሦስተኛው ላይ ምልክት አድርጌ ተመረቅሁ። ዛሬም ሐይቅ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ አስተምራለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዐረብ አገር የሄደችው የጎረቤታችን ልጅ ሳጂዳ ሞተች ተብሎ ሦስት ቀን ተለቀሰ። በአራተኛው ቀን ራሷ ደወለች። አባቷ ከሐፍረቱ የተነሳ ገበያ መውጣት ተወ። ያኔ ጋሽ ጁማ፣ «ከእንግዲህ እኔ አጣርቼ ሳልጠራ ለቅሶ ቤት የሚረግጥ እንዳይኖር» አሉ። ቅሬውም ደንብ አደረገው።

ባለፈው ሐምሌ የእሳቸው ልጅ አሕመዲን በጅቡቲ በኩል ባሕር ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። የመርዶው ስልክ የተደወለው ጧት ነው። የእናቱን የፈዲላን ጩኸት ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ወጥተን በየደጃችን ቆምን። እኔ የሳጂዳን አባት አያለሁ፣ እሱ እኔን ያያል። ጥሪ የለማ! ፈዲላ አጥሩ ሥር ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች፤ ማንም አልሄደላትም። አንዳችን ጉብታው ላይ ወጥተን ብንጠራ ማን ይከለክለን ነበር? እኔ ቀድሞ የሄደ መባልን ፈራሁ። ሌላው ምን እንደፈራ አላውቅም፤ ደንብ ነው ተባባልን እንጂ።

ቀትር ላይ ጋሽ ጁማ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ጉብታው ላይ ሦስት ጊዜ አረፍ እያሉ ደረሱ።

«የቅሬ ሰው ስማ! የጁማ ልጅ አሕመዲን ሞቷል!»

ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ሰው ሁሉ ጎረፈ። እሳቸው ወርደው እስኪደርሱ ግቢው ሞልቶ ስለነበር ወደ ገዛ ልጃቸው ለቅሶ የገቡት ከሰው ሁሉ ኋላ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «ሰብሩን ይስጥዎት፣ ጋሽ ጁማ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ወረቀትህን ታስታውሰዋለህ? ለምን ይጠራሉ ብለኸኝ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«ካልጠራሁት ሰው አይመጣም ብዬ ስለምፈራ ነበር» አሉ። «እውነትም አልመጣችሁም።»