ሁለተኛው ጉርሻ

መርካቶ ውስጥ ትሪ እሸጣለሁ። ትልቅም ትንሽም፣ አበባ ያለውም የሌለውም፣ ለሠርግ የሚሆነውም ለተዝካር የሚሆነውም አለኝ። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ከብቤ መብላት ግን አልችልም። ሽምብራ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና ተልባ አይስማሙኝም። አይስማሙኝም ስል ሆዴን ይነፋኛል ማለቴ አይደለም፤ ፊቴ ያብጣል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። በዚያ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ሱቄ ደግሞ ከበርበሬ በረንዳ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲነሳ ከመደዳው ሰው ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ሳሌን ሲሰሙ ደጅ ያሰጡትን ዕቃ በላስቲክ ይሸፍናሉ።

ሐኪሜ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። በየቀጠሮው «ከአቧራና ከበርበሬ ራቅ» ትለኛለች። ሱቁ ከአባቴ የወረስኩት ነው። «ዶክተር፣ ታዲያ ትሪውን ጫካ ገብቼ ለዝንጀሮ ልሽጥ?» እላታለሁ። ትስቅና ፓፍ ትጽፍልኛለች፤ ፓፍ የምንለው በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ነው። ኪሴ ውስጥ ከሱቁ ቁልፍ ጋር ይኖራል። አንድ ጠዋት ሳል ሲያጣድፈኝ ቁልፉን አፌ ውስጥ ከትቼ ስስብ ደንበኛ አይቶኛል፤ ያ ሰው ተመልሶ አልመጣም።

የእኛ መደዳ አንድ ልማድ አለው። በፍስክ ሁሉም የየራሱን ይበላል። ክርስቲያኑ የክርስቲያን ሥጋ፣ ሙስሊሙ የሙስሊም ሥጋ ስለሚበላ ማዕዱ አይገጥምም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሽሮና ምስር ሃይማኖት የላቸውምና ሁሉም አንድ ትሪ ይከባል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመደዳው ነጋዴ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይሰበሰባል። እንግዲህ ጎረቤቶቼን የሚያገናኛቸው ምግብ፣ አንድ ሳይቀር፣ እኔን የሚዘጋኝ ነው።

ምግቡን የሚያመጡት እትዬ ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የክርና የአዝራር ሱቅ የእሳቸው ነው። ጎጃሜ ናቸው፤ እጃቸውም አፋቸውም አይቆጥብም። አባቴ የሞተ ጊዜ ሱቁን ዘግቼ ቤት ስውል መጥተው «ተነሥ፣ ትሪ ራሱን አይሸጥም» ብለው ያስነሡኝ እሳቸው ናቸው። እናም እሳቸው «ና ብላ» ሲሉ እምቢ ማለት ያሳፍረኝ ነበር።

ሁለት ሁዳዴ ሙሉ ጥግ ይዤ ከቤት ያመጣሁትን ድንች በላሁ። ሰው ያያል። ፊት ለፊቴ ጨርቅ የሚሸጡት የስልጤው ጋሼ አንድ ቀን፣ እኔን ሳይሆን ትሪውን እያዩ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ። እኔ ግን አብሬ ብበላም የምሞተው ብቻዬን ነበር። ኩራት ነው እንዳይሉኝ በየቀኑ አስረዳለሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ኩራቴ የጨመረ ይመስላቸዋል።

«አለርጂ የአቧራ ነው» ይላሉ እትዬ። «ምግብ እንዴት አለርጂ ይሆናል? ለዚያውም የጾም ምግብ! በስመ አብ ብለህ ጉረስ፣ ምንም አይልህም።»

«እትዬ፣ በስመ አብ ብዬ ጎርሼ ሆስፒታል አድሬ አውቃለሁ።»

«ከልብህ አላልከውማ።»

በመጨረሻ በሽታዬን ራሳቸው አገኙት። ጨጓራ ነው አሉ። መርካቶ ውስጥ ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው፤ ያለበትን ሰው ማንም አይጨቀጭቀውም። እኔም በጨጓራዬ ተከብሬ በኖርኩ ነበር፤ ግን የጨጓራ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። ተልባ ነው።

አንድ ረቡዕ ትሪው እንደቀረበ አጠገቡ ቆሜ ለጋሼ እንደ ልማዴ አስረዳለሁ። «ጋሼ፣ ሽምብራ ብቻ እኮ አይደለም፤ ለውዝም፣ ሰሊጥም...» እያልኩ አፌን ስከፍት እትዬ ጉርሻ አስገቡበት። ጉርሻቸው እንደ ልባቸው ትልቅ ነው። «ላንተ ብዬ ነው የሠራሁት!» አሉ። «የተልባ ፍትፍት ነው፣ ለጨጓራህ!» ልተፋው ብዬ ነበር፤ ግን ተልባ ያዳልጣል፣ ሳላላምጠው ወረደ።

ከንፈሬ ሲወፍር፣ ደረቴ ሲታፈን ወዲያው ታወቀኝ። ፓፉን ሳብኩ፤ ብዙም አልረዳኝም። አንዱ «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሌላው ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይደቅናል፤ ሌላው ጀርባዬን ይደልቃል። «ክሊኒክ ውሰዱት!» ብለው የጮኹት ጋሼ ናቸው። በዚያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ በመኪና መሄድ ማለት መኪና ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ደጄ ላይ ለደንበኛ የሚሄድ ትሪ የተጫነበት ጋሪ ቆሞ ነበር፤ ጊዜ አልነበረምና ትሪው ሳይወርድ እኔ ላዩ ላይ ተጫንኩ። ጋሪ ገፊው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲከንፍ አንዲት ሴትዮ ጎን ለጎን እየሮጠች «ትሪው ስንት ነው?» አለችኝ። ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ነጋዴ ነኝና በጣቴ ዋጋውን አሳየኋት። «አይቀንስም?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ።

አሁን ስቄ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ ፈርቼ ነበር። ሰማዩ በላስቲክ ሸራዎቹ መሀል ሲያልፍ እያየሁ፣ እናቴን ማን ይነግራታል እያልኩ አስብ ነበር። ክሊኒክ እንደደረስን መርፌ ወጉኝ፣ ኦክስጅን ሰጡኝ፤ ትንፋሼ ተመለሰ። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ አልጋው ግርጌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እሳቸው ዝም ሲሉ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ጥቂት ቀን አርፌ ስመለስ መደዳው ተለውጧል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ትሪ የለም። እትዬ ከአዝራራቸው ጀርባ ተደብቀዋል። አሉባልታው ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ኖሯል። «አበላችው» ይባላል። መርካቶ ውስጥ «አበላችው» ማለት መርዝ ሰጠችው ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያበሉ ሴት፣ ከእጃቸው ውኃ የሚቀበል ጠፋ። ደሜ ፈላ። ለማን እንደምጮህ ግን አላወቅሁም።

ጋሼ ጠሩኝና «ግማሹ ጥፋት ያንተ ነው» አሉኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማህም? ሁለተኛውን ሳትጎርስ ተነሥተህ ሄድክ።»

«ጋሼ፣ መቼ ተነሥቼ ሄድኩ! በጋሪ ተወሰድኩ እንጂ።»

«ያው ነው። አሁን እሷን የሚያድናት ሁለተኛው ነው።»

ብስቅም እውነታቸውን ነበር። ሰው ሐኪም ቢነግረው አያምንም፤ በዓይኑ ያየውን ጉርሻ ግን ያምናል። እትዬ ሱቅ ገባሁ።

«ልገድልህ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ለጨጓራዬ ብለው ነው፣ እትዬ። ሁለተኛው ጉርሻዬ ግን ይቀረኛል።»

«ይህቺን እጅ? ቆርጬ ብጥላት ይሻለኛል።» ከዚያ የክር ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ «እስቲ ቁጭ በል። ምን ምን ነው የማትበላው?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለፈልፍ ከርሜ፣ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጡኝ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነበር። ሰሊጥ ላይ ስደርስ «አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ በምን ኖርክ?» አሉና እንባቸው መጣ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሪ ቀረበ፤ ከእኔ ሱቅ የወጣ፣ ምንም ያልነካው አዲስ ትሪ። ጎመን፣ ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር ብቻ ነው ያለበት። ጋሼ አጎንብሰው ትሪውን መረመሩ። «ሽሮው የታለ?»

«ዛሬ ቤቱ ነው» አሉ እትዬ።

እጃቸውን በሳሙና እየደጋገሙ ታጠቡ። መደዳው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ደንበኞች ሳይቀሩ። ድንቹን በጎመን ጠቀለሉ፤ ፈትተው አዩትና ደግመው ጠቀለሉ። እኔም እፈራ ነበር። ፓፉን አውጥቼ በግራ እጄ ያዝኩ፤ አፌንም፣ ለአንዴ እንኳ ሳላስረዳ፣ ከፈትኩ።

አላመጥኩ፤ ዋጥኩ። የሁሉም ዓይን ከንፈሬ ላይ ነው። ጋሼ በለሆሳስ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ተንፍስ እስቲ» አሉ እትዬ።

ተነፈስኩ። ደግሜ ተነፈስኩ።

«ጨው ያንሰዋል» አልኩ።

«ዝም ብለህ ብላ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ጩኸታቸው ተመለሰ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ጎመኑ ሰደዱ፤ ሌላውም ተከተለ። ፓፉን ኪሴ ከተትኩና በርጩማ ስቤ ከሰው መሀል ተቀመጥኩ።