ሚስማሩ ላይ ያልተሰቀለው መፍቻ

መጀመሪያ ድንጋይ ነው። ጎሚስታው ጠመኔ ክሪኩን ከመንካቱ በፊት ከማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ሁለት ድንጋይ ይሸጉጣል። ቀጥሎ የቸርኬውን ጭቃ በጨርቅ ይጠርግና፣ መኪናው መሬት እንደረገጠ፣ እያንዳንዱን ብሎን ግማሽ ዙር ያላላል። ተንጠልጥሎ ባለ መኪና ላይ ከጠበቀ ብሎን ጋር የሚታገል ሰው፣ በእሱ አባባል፣ መኪናውን እግሩ ላይ እየጋበዘ ነው። ካላላ በኋላ ክሪኩን አስገብቶ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት እስኪለቅ ያነሳል፤ ከዚያ አይበልጥም። ከሥር የብረት መቆሚያ ያስገባል። ብሎኖቹን ፈትቶ ቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ይጥላል። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዞ በጉልበቱ ደግፎ ያወጣዋል። በወገቡ አይሞክረውም፤ ወገቡ አርባ ዓመት የሠራ ወገብ ነው።

ጎማው ሲተኛ መዳፉን ጥርሱ ላይ ያስሄዳል። በአንድ በኩል ሲዳብሰው ለስልሶ ሲመለስ የሚነክስ ከሆነ ያ ጎማ ፊት ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ በየመታጠፊያው ትከሻው ተበልቷል። መሃሉ ብቻ ከሳሳ አየር በዝቶበት ከርሟል። መዳፉ የነገረውን በክብሪት እንጨት ያረጋግጣል። እንጨቱ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረች ምልክት አለች፤ ጥርሱ መካከል ሲሰካው ምልክቷ ከተዋጠች ጎማው ገና ዕድሜ አለው።

ከዚያ ጆሮው ላይ ከሰካበት ጠመኔውን ያወርድና ጎማው ላይ ይጽፋል። የሚጽፈው ጎማው የሚሄድበትን ቦታ ነው። የነበረበትን አይጽፍም።

«የነበረበትን ምን ያደርግልኛል?» ይላል። «ተነስቷል አይደል እንዴ።»

በአራቱም ጎማ ለሚጎትት መኪና የሚከተለው መንገድ አንድ ነው። የቀኝ ኋላው ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ፊት፣ የግራ ኋላው ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ፊት። የቀኝ ፊቱ አቋርጦ ወደ ግራ ኋላ። የግራ ፊቱ እስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ፣ ሆኖ ይረፍ፤ እስኮርታው ደግሞ እንቅልፍ ይብቃውና ወደ ቀኝ ኋላ ይግባ። በየስምንት ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንዲህ ከዞሩ አምስቱም አብረው ያረጃሉ። ካልዞሩ አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይወፍራል። እኩል ያልሆኑ ጎማዎች ደግሞ እኩል አይዞሩም፤ በአራቱም የሚጎትት መኪና ላይ ጣጣው የሚያርፈው ካምቢዮው ላይ ነው። «አራት ሰው አልጋ ሲሸከም አንዱ አጭር ከሆነ ማን እንደሚደክም ጠይቅ» ይላል ለሚከራከረው ሁሉ። «አጭሩ አይደለም የሚደክመው።»

መጨረሻው ማጥበቅ ነው። መኪናው እንደተነሳ ብሎኖቹን በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ለስለስ አድርጎ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ በመስቀለኛ ያስገባል። መኪናው መሬት ከረገጠ በኋላ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል። እያንዳንዱ ብሎን «ጭር» ሲል ከብሎኑ ወደ ቸርኬው አንዲት የጠመኔ መስመር ያሰምራል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች። አራቱም ጎማ መስመር ሲኖረው መፍቻውን ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማር ላይ ይሰቅላል። መፍቻው ሚስማሩ ላይ ከሌለ ሥራው አላለቀም።

ስሙ ጠመኔ አይደለም። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነች፤ ቤቷ ከእሱ ጎሚስታ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ሰማያዊዋ፣ ጠፍጣፋዋ የስፌት ጠመኔዋ ጠፋችባት። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ስታገላብጥ ዋለች። አመሻሽ ላይ ብቅ ስትል አንድ የጭነት መኪና ጎማ ላይ «ግራ ኋላ» ተብሎ በሰማያዊ ተጽፎ አየች። ሜካኒኮቹ ሁሉ በቆሙበት «አንተ ጠመኔ» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ስም የለውም። ልጁ አንደኛ ክፍል ስትገባ መምህሯ የአባቷን ስም ሲጠይቃት «ጠመኔ» ብላ መልሳ፣ ሰውየው ከሰሌዳው ሥር አንስቶ ሰጥቷታል።

ያቺ ልጅ አድጋ አዋላጅ ነርስ ሆነች። ባለፈው ወር የተመደበችው ጠመኔ ለአሥራ ሁለት ዓመት ጎማውን ሲያዞርለት በኖረው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ያለው መኪና አንድ፣ ነጭ፣ በአራቱም የሚጎትት ነው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ከጎኑ እሷ ነበረች፤ ወደ ተራራዎቹ መንደሮች ለሦስት ቀን ሊወጡ ነው። ጠመኔ በእጁ ባዞረው ጎማ ልጁ ስትሄድ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን የዚያን ቀን ቸርኬዎቹን ሁለት ጊዜ ጠረጋቸው።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ ሾፌሩ።

«እንደ ወሬህ ነው።»

«እንግዲያው ማደራችን ነው» አለች ልጁ፣ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ተቀምጣ።

ሾፌሩ ሳቀ። መኪና የሚወድ፣ ቀጠሮ የሚያከብር፣ መቆም የማይወድ ሰው ነው። ጠመኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸኘው አንድ ነገር ይለዋል፤ ዛሬም ሥራው መሃል ላይ ሆኖ አለው።

«ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም። ብሎኑን ድገመው። ጎማ አዲስ ቦታ ሲገባ ይደላደላል፣ ሲደላደል ብሎኑ ይላላል።»

«እሺ ጋሼ።»

ያ «እሺ» የት እንደሚደርስ ጠመኔ ያውቃል። ከበሩ አያልፍም። ግን ማለቱን አልተወም።

መኪናው መሬት ረገጠ። ጠመኔ ቱቦውን ሰክቶ የቀኝ ፊቱን አጠበቀ፣ አሰመረ። የግራ ፊቱን። የቀኝ ኋላውን። ወደ መጨረሻው ሊዞር ሲል ሚስቱ በመስኮቷ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ደቂቃ ትከሻህን አውሰኝ።»

«እጄን አታዪውም?»

«እጅህን ማን ፈለገው? ትከሻህን ነው ያልኩህ።»

ነገሩ የተለመደ ነው። ከደንበኞቿ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ቁመትና ትከሻቸው ልክ የጠመኔ ነው። ኮታቸውን ስትሰፋ ሰውየውን ከምታመላልስ ባሏን ትጠራለች። ጠመኔ መፍቻውን ሚስማሩ ሥር ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ተመልሶ ሊያነሳው። እጁን ታጠበና ገባ።

ሚስቱ ኮቱን አለበሰችው፤ እጆቹን ወደ ጎን አስዘረጋችው። አንገቱ ሥር አምስት ስፒል ሰካች። ሰማያዊ ጠመኔዋን የምታስቀምጥበት ስታጣ የእሱን ነጭ አንስታ የራሷን ጆሮው ላይ ሰካችለት።

ውጭ ሾፌሩ አየ። መኪናው መሬት ላይ ነው፣ ክሪኩ ወጥቷል፣ መፍቻው ግድግዳው ጋ ነው። አለቀ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ሄድን።»

«አባዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» የሚል የልጁ ድምፅ ተከተለ።

ጠመኔ ሊዞር ሲል ሚስቱ «አትነቃነቅ፣ ትወጋለህ» አለችው። ስለዚህ እጁን እንደዘረጋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ፣ «በሰላም ግቡ» አለ። ሞተሩ ተነሳ፣ ራቀ። ሚስቱ የግራውን እጅጌ አልወደደችውም፤ ፈትታ እንደገና ሰካችው። ሃያ ደቂቃ ሄደ።

ኮቱን እንደለበሰ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ሚስማሩን ነው። ባዶ ነበር።

ቆመ። በጣቱ ቆጠረ። ቀኝ ፊት። ግራ ፊት። ቀኝ ኋላ። ከዚያ «ትከሻህን አውሰኝ»። የግራ ኋላው ላይ ያለው ብሎን መኪናው ተነስቶ ሳለ ለስለስ ተደርጎ የገባው ብቻ ነው። ያ ጎማ ደግሞ ከፊት አቋርጦ የመጣው፣ ገና ቦታውን ያልለመደው ነው። ስልኩን አወጣ። ሾፌሩ እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ ይህን ያስተማረው ራሱ ጠመኔ ነው። የልጁ ስልክ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው አለ።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ በበሩ ገቡ። «ኮቴ ደረሰ?» አሉ። ከዚያ ጠመኔ ላይ አዩት። «ለካ ደርሷል።»

«መኪና ይዘዋል?» አለ ጠመኔ።

«ይዣለሁ።»

«ልጄ በላላ ጎማ እየሄደች ነው። ይንዱልኝ።»

ሰውየው ቁልፋቸውን አውጥተው ወጡ። ጠመኔ መፍቻውንና ቱቦውን ይዞ ጎናቸው ተቀመጠ፤ ስፒሉ አንገቱ ላይ እንዳለ።

ከከተማው ሲወጡ ዳይሬክተሩ «እኔ ከስድሳ በላይ ነድቼ አላውቅም» አሉ።

«ዛሬ ሰማንያ።»

«ጎማዬ ይችላል?»

«ጎማዎን እኔ አውቀዋለሁ። ልብዎን ነው የማላውቀው።»

ሰማንያ ገቡ። ጠመኔ በየመታጠፊያው አስፋልቱን አላየም፤ ያየው የነበረ ከአስፋልቱ ጎን ያለውን ቦይ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር፣ ሃያ። ነጭ ነገር ባየ ቁጥር መፍቻውን ይጨብጣል፤ ነጩ ነገር የኖራ አጥር ይሆናል፣ የተሰጣ አንሶላ ይሆናል። አርባን አለፉ። ዳይሬክተሩ መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድልድዩን እንደተሻገሩ፣ የሃምሳ ኪሎ ሜትሩን ምልክት ድንጋይ ጥቂት አልፎ፣ መኪናው ታየ። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

ጠመኔ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ቀረብ ሲሉ ግን መኪናው ያዘነበለው መሬቱ ስለሚያዘነብል እንደሆነ አየ። አራቱም ጎማ ቦታው ላይ ነው። ሾፌሩ የግራ ኋላው ጎማ ሥር ተንበርክኮ የመኪናውን መፍቻ ብሎኑ ላይ ይዟል፤ ልጁ ደግሞ በአንድ እጇ የመኪናውን ጣሪያ ጠርዝ ይዛ መፍቻው ላይ ወጥታ ቆማለች፣ በሙሉ ክብደቷ።

«አባዬ?» አለች ወርዳ። «ምን ሆነህ ነው? ደግሞ የማን ኮት ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ከኋላ።

ሾፌሩ ተነሳ። ላብ አጥምቆታል። «ጋሼ፣ ሁለቱ ብሎን በጣቴ ዞረ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሃምሳ ሲሞላ ቁም አልኩት» አለች ልጁ። «'አባትሽ ያጠበቀውን ማን ይደግመዋል' አለኝ። 'ድገመው ያለህ ማን ሆነና' አልኩት። ወርደን ስናይ ሦስቱ ላይ መስመር አለ፣ እዚህ የለም። አንተ ደግሞ መስመር አትረሳም።»

«ዛሬ ረሳሁ» አለ ጠመኔ።

«እኔም ሳልጠይቅ ነው የተነሳሁት» አለ ሾፌሩ።

«መጠየቅ የአንተ ሥራ አይደለም። ማጥበቅ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አትካፈለኝ።» ቱቦውን መፍቻው ላይ ሰካና፣ «ግን ስለቆምክ ተባረክ» አለው።

«በአሥራ ሁለት ዓመት ስቆም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ጋሼ። እውነቱን ልንገርህ።»

«አውቃለሁ።»

እነሱ ያጠበቁትን በራሱ መፍቻ ደገመው። ስድስቱም «ጭር» አሉ። ጆሮው ላይ እጁን ሲሰድ ያገኘው የሚስቱን ጠመኔ ነው። ስለዚህ ያ ጎማ መስመሩ ሰማያዊ ሆነ፣ የቀሩት ነጭ። ልጁ አንገቱ ሥር ያሉትን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቅላ ኮሌታው ላይ በጎን ሰካችለትና «አሁን አትወጋም፤ ሂድ» አለችው። መኪናው ሽቅብ እስኪሰወር ቆሞ አየው። ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፣ ሳይወዛወዝ።

ሲመለሱ ዳይሬክተሩ በስድሳ ነዱ። ጠመኔ እንቅልፍ ወሰደው።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ «ሁለተኛ ስጠራህ መፍቻውን ይዘህ ና» አለችው። እንዲሁ ሆነ። ዛሬ በዚያ መስኮት የሚያልፍ ሰው አንዳንድ ቀን አንድ ሸምገል ያለ ጎሚስታ በሰው ኮት እጁን ዘርግቶ፣ በአንዱ እጁ የጎማ መፍቻ ይዞ ሲቆም ያያል። እስኪጨርስ መኪና አይነሳም፤ ሾፌሮቹም ሚስማሩን አይተው ነው ቁልፍ የሚያዞሩት። የጤና ጣቢያው ሾፌር ከድልድዩ ማዶ ሲደርስ ይደውልና «ቆሜያለሁ» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ልጁ በዚያ መኪና እስካሁን ስንት ጊዜ እንደወጣች ጠመኔ አይቆጥርም። ጎማዎቹ ግን አምስቱም በክብሪት እንጨት እኩል ናቸው፤ ይህን ሲናገር ፊቱ ይበራል።

ጥፋቱን ለመጣ ሁሉ ያወራል፣ አይደብቅም። ይህ ጽሑፍ እንዲወጣ የፈቀደውም ለማያገኛቸው ባለ መኪናዎች አንድ ልመና እንዲደርስለት ብሎ ነው። ቃሉ ይኸው፦

«ጎማችሁን የትም አዙሩ፣ ማንም ያዙርላችሁ፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ግን እባካችሁ ቁሙ። ውረዱና ብሎኑን ድገሙት። አምስት ደቂቃ ነው። ያጠበቀው ሰው አርባ ዓመት ሠርቻለሁ ቢላችሁም ድገሙት። እኔም ብሆን።»