ድንቡሼ ስትተኛ የሚሠራ ሥራ

ልጄን የምትይዝልኝ ሞግዚት በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። በመጀመሪያው ቀን “እትዬ” ብትለኝ አፈርኩና “እትዬስ አንቺ ነሽ” አልኳት። ከዚያ ወዲህ እኔ እሷን እትዬ እላታለሁ፣ እሷ እኔን የድንቡሼ እናት ትለኛለች። ድንቡሼ ልጄ ናት። ያኔ ዘጠኝ ወሯ ነበር፤ ከሷ ቀድሞ ጉንጯ ነው ክፍል የሚገባው። አማቴ ደግሞ ሞግዚቷን “ደወሏ” ብለው ስም አወጡላት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደቂቃ ሳታዛንፍ በሩን ስለምታንኳኳ ነው።

እትዬ ልጅ ማሳደግ የጀመረችው ገና ራሷ ሳታድግ ነው። ሦስት ታናናሾቿን አዝላ ስላደገች “ወገቤ የቀናው እነሱ ሲወርዱ ነው” እያለች ትስቃለች። ከዚያ በሰው ቤት አምስት ልጅ ለወግ አብቅታለች። የራሷ የላትም፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አንስታው አታውቅም። የምታድረው ወንድሟ ቤት ነው። ሥራ ያጣች ጊዜ የወንድሟ ሚስት ቤቱንም አራት ልጆቿንም ጥላባት ትወጣለች። “እዚያ ቤት እንግዳም ሠራተኛም አይደለሁ። እንግዳ ይጋበዛል፣ ሠራተኛ እሑድ ያርፋል” ብላኛለች።

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለሆነ በየቀኑ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይፈልጋል። የምንኖረው አማቴ ቤት ነው፤ ቤቱም የቤቱም ሕግ የእሳቸው ነው። እትዬን በደላላ በኩል ልንቀጥር ስንል አማቴ ተገረሙ። አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ልጅ ይዞ ለመዋል አንድ ሙሉ ሰው ምን ያደርጋል አሉ። እኔም አስታራቂ ሆንኩና አንድ ሐሳብ አመጣሁ፦ ልጅቷ ስትነቃ እትዬ የልጅቷ ናት፣ ስትተኛ የቤቱ። አማቴም እትዬም ተስማሙ። እንደዚያ ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ድንቡሼ ረፋድ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ትተኛ ነበር። መጀመሪያ ለዚያች ሰዓት የተሰጣት ሥራ የልጅቷ ልብስ ብቻ ነው። ቀጥሎ የባለቤቴ ሸሚዝ መጣ። ከዚያ የአማቴ አንሶላ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ ምሳው፣ ከዚያ መጋረጃው። አንድ በአንድ ስለተጨመረ ማናችንም ልብ አላልነውም። እኔ ራሴ ጠዋት ስወጣ “ጊዜ ካገኘሽ ብቻ ነው” እያልኩ የሚታጠብ ቀሚሴን ትቼላት ሄጃለሁ። “ጊዜ ካገኘሽ” የሚባል ነገር ለሠራተኛ ትእዛዝ መሆኑን እኔ ተቆጣጣሪ ያለብኝ ሰው እንዴት እንደሳትኩት አላውቅም። እትዬ እሺ ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ማታ ስገባ ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ልጅቷ ታጥባ ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል፣ እትዬ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። አንድም ቀን ቁጭ ብላ አግኝቻት አላውቅም። አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ደወሏ እጇ ወርቅ ነው እያሉ ያወሩላት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በእኔ በኩል ነው። ድንቡሼ ሌሊቱን መተኛት ተወች። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ እሹሩሩ መስሎ ይሰማኝ ጀመር፤ አንድ ቀን ሳሸልብ መርፌው ከነጥፍሬ በሳኝ። ተቆጣጣሪዬ ፋሻ አምጥቶልኝ፣ ደም የነካው ኮሌታ አይሸጥምና ሁለተኛ እንዳይደገም ብሎ አስጠነቀቀኝ። አማቴ ጥርስ ነው አሉ። ባለቤቴ እናቱ ያሉትን አለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ነርሷ ጆሮዋንም ድዷንም ሆዷንም አይታ ምንም ስታጣ፣ ቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠየቀችኝ። የገዛ ልጄን እንቅልፍ ከሰው ጠይቄ ልናገር ነው። እትዬን ብጠይቃት ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሳ “ትንሽ ትንሽ” አለችኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ የፋብሪካው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከቀትር በፊት ወደየቤታችን ተለቀቅን። ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ አማቴ ናቸው። ልጅቷን እንዳልቀሰቅስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ።

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፣ መኝታ ቤታችን ግን ጨለማ። መስኮቱ ላይ ወፍራሙ ብርድ ልብሳችን በምስማር ተመትቷል። እትዬ ከመተላለፊያው በሚገባው ብርሃን በሩ ሥር ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች። በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ገመድ አለ፤ የገመዱ ጫፍ የታሰረው የድንቡሼ ተወዛዋዥ አልጋ ላይ ነው። እጇ ካውያ ይገፋል፣ እግሯ አልጋ ይስባል፣ አፏ እሹሩሩ ይላል። ጎንበስ ብዬ ልጄን አየኋት። አልተኛችም። አታለቅስም፣ አትንፈራገጥም። ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን እያየች ትወዛወዛለች። ልጄ እንደዚያ ዝም ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት።

“ከአራት ሰዓት።” ካውያውን ነቀለች። “ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ መልሼ አስተኛታለሁ። ስትተኛ ሥሪ ብላችሁኛል። ሥራው አላልቅ ሲለኝ እንቅልፉን አረዘምኩት።”

ልጄን አቅፌ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ስገነጥለው እሷ ገመዱን ፈታ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። አልለመነችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። “ለደላላዋ ልጅ ጎዳች ብለሽ እንዳትነግሪያት። ሰነፍ ናት በያት፤ እሱን ለምጄዋለሁ” አለች።

አስቀመጥኳት። ያኔ ነው ያለፈውን ቤት ታሪክ የሰማሁት። መንታ ልጆች ልትይዝ ተቀጥራ በሁለተኛው ወር ሳህን እጠቢ ተባለች፣ አጠበች። ወለል ወልውይ ተባለች፣ ወለወለች። ወንበር ላይ ወጥተሽ መስኮት ጥረጊ ሲሏት ግን መንታዎቹ ደረጃ መውጣት ጀምረው ነበርና፣ እኔ የመጣሁት ለልጆቹ ነው ብላ እምቢ አለች። በአራተኛው ቀን አሰናበቷት። ስንመጣ ሁልጊዜ ቁጭ ብላ ነው የምናገኛት የሚለው ወሬም እሷን ቀድሞ ደላላዋ ዘንድ ደረሰ። ደላላዋ ወደኛ ስትልካት ቁርጡን ነገረቻት፦ ከዚህም ከተመለስሽ ሌላ በር አላንኳኳልሽም። ከዚያ በኋላ የሚቀራት የወንድሟ ቤት ነው። እያወራችኝ እንኳ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ኮቴ ሲሰማ ብድግ ልትል።

ማታ ራት ላይ ወገቤን አስሬ ተናገርኩ። ከነገ ጀምሮ እትዬ የልጅቷ ብቻ ናት አልኩ፤ ስህተቱ የእሷ ሳይሆን የኔ ሕግ ነው፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

“እኔ ሁለቱንም ወጥቻለሁ፣ ያውም ነፍሰ ጡር ሆኜ” አሉ አማቴ።

ባለቤቴ “እኔ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ብለብስ ምንም አይደል” ብሎ ጀመረና፣ የእናቱን ፊት ሲያይ “አልፎ አልፎ ማለቴ ነው” ብሎ ጉርሻውን ዋጠ። አማቴ ከዚያ በላይ አልተከራከሩኝም። በማግስቱ ለደላላዋ ደውለው ሁለቱንም የምትችል ሰው አምጪልኝ አሏት።

ቅዳሜ ደላላዋ መጣች፤ ሞላ ያለች፣ ሁለት ስልክ የያዘች ሴት። አማቴ ሶፋው ላይ፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ፊት ለፊታቸው፣ እትዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማ። እንደ ጠበቃ ሆንኩላት። ልጅቷ በሁለት ቀን ውስጥ ሌሊት መተኛት መጀመሯን፣ ሞግዚት ያልነው ሰው ሞግዚት ብቻ ይሁን ማለቴን፣ የጎደለውን የቤት ሥራ እኔ ማታ ማታ እንደምሸፍን ተናገርኩ። ደላላዋ የኔን ሰማች፣ የአማቴን ሰማች፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው ዞረች።

“አንቺስ? ሥራዬ የቱ ነው ትያለሽ?”

አየኋት። “ልጅቷ ናት” ብትል ይበቃኝ ነበር። ከባሏ እናት ጋር ተጣልታ የምታድር ሴት ሌላው ቢቀር አንዲት ቃል ትገባታለች።

“ሁሉንም እሠራለሁ” አለች እትዬ። “ልጅቷንም ያለ ሰዓቷ አላስተኛም።”

አማቴ ለደላላዋ ሻይ እንዲቀዳላት አዘዙ። የቀዳችውም እትዬ ናት።

ማታ ልሸኛት ብዬ አጥሩ በር ድረስ ወጣሁ። ተናድጄ ነበርና ለምን አጋለጥሽኝ አልኳት።

“አንቺ ብትሸነፊ እዚሁ ምራት ሆነሽ ትኖሪያለሽ” አለችኝ። “እኔ ብሸነፍስ የት ነው የምኖረው?” ታክሲ እንዳያመልጣት ተጣደፈች።

አማቴ ሳያዩኝ የምሠራበት ጊዜ የንጋቱ ብቻ ስለሆነ በአሥራ ሁለት ሰዓት እየተነሳሁ ሸሚዞቹን መተኮስ፣ ወለሉን መወልወል ጀመርኩ። እትዬ ስትደርስ የሚቀራት ልጅቷን መያዝ እንዲሆን ነው። ሦስት ቀን ሠራልኝ። በአራተኛው ቀን በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ናት። ሦስቱን ቀን የተሠራ ቤት ስላገኘች ገብቷታል፤ “አማትሽ አንድ ቀን ካውያ ይዘሽ ቢያዩሽ የምባረረው እኔ ነኝ” ብላ ካውያውን ከእጄ ወሰደች። ከቀጠሮዋ አንድ ሰዓት ቀድማ፣ ልጅቷ ሳትነቃ ከባዱን ሥራ ለመጨረስ ነው የመጣችው። እስከ ዛሬም እንደዚያው ትመጣለች። አንድ ሰዓት ላይ በር የሚያንኳኳ ስለሌለ ደወሏ የሚለውን ስም አማቴ ትተውታል።

ድንቡሼ አሁን ቀን በሰዓቷ፣ ሌሊት እንደ ሰው ትተኛለች፤ ወንበር ይዛ መቆምም ጀምራለች። እኔና ባለቤቴ ሁለት ክፍል ቤት እያፈላለግን ነው። ስናገኝ እትዬን ይዣት እንደምወጣ፣ ሥራሽ ልጅቷ ብቻ ናት የሚል ወረቀት ጽፌ እንደምፈርምላት ነግሬአታለሁ። “እሺ፣ የድንቡሼ እናት” ትላለች፣ ልጅ ስታባብል በምትለው ዓይነት እሺ። እስከዚያው ጠዋት ልወጣ ስል “አሁንስ ቁጭ በይ፣ አልቋል” እላታለሁ።

“ስትሄጂ እቀመጣለሁ” ትለኛለች። አጥሩን ሳልወጣ የቧንቧው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ እሰማለሁ።