ለሀዋኒ የተላኩ ሽማግሌዎች

ዩስራ ሳልም ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷ ዓወድ ከአረብ አገር፣ ከሐድረመውት ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጊኒር ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ ከርሞ በመጨረሻ ጎባ ላይ የተተከለ ሰው ነበር። «ለምን ጎባ ላይ ቀረህ?» ሲሉት «በቅሎዬ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለች» ይል ነበር ይባላል። ልጁ ሳልም የጎባዋን ልጅ ሎሚን አገባ፤ ሎሚም ዩስራን ወለደች። ሦስት ትውልድ አልፎም ሰፈርተኛው ቤቱን «የአረቦቹ ቤት» ማለቱን አልተወም።

ዩስራ የተማረችው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው። የአማርኛን ፊደል አምስተኛ ክፍል ላይ ጀምራ ሳትጨርሰው፣ ስድስተኛ ላይ የአባቷ ዓይን ደከመና ትምህርቱን ትታ በእሱ ቦታ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። አማርኛን ስታወራ ሰሚ ያጨበጭብላታል፤ መጻፉ ላይ ግን እጇ ይተሳሰርባት ነበር። የቀረውን ፊደል ያስተማራት ስልኳ ነው። «ለ»ን ስትጫን ወንድሞቹ ሁሉ ተሰልፈው ብቅ ይላሉ። እሷም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አንዱን እየነካች፣ ድምፁን እያወጣች፣ ሌላውን እየነካች፣ ስትስቅ ሰው ያያታል። ጎረቤቷ ባለ ሱቅ ከማን ጋር እንደምታወራ ለማወቅ አንገቱን አስግጎ ሰልችቶታል።

ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ፊት ሰው ምስጢር አይደብቅም። ወገባቸው እስኪለካ የትዳራቸውን፣ እጅጌያቸው እስኪለካ የአማታቸውን ይነግሯታል። ዩስራ የማንንም ምስጢር አላወጣችም። ግን ይህን ሁሉ ወሬ የሚሸከም ሰው አስፈለጋትና አንዲት ልጅ ፈጠረች። ሀዋኒ አለቻት። በጫካ የተከበበችው የሪራ መንደር ልጅ አደረገቻት፤ ዛፍ ላይ ወጥታ ማር የምትቆርጥ፣ ንብ የማትፈራ፣ ምላሷ ከንቡ የሚብስ። ከዚያ ደራራ የሚባል የሮቤና የደሎ መና መንገድ ሹፌር ፈጠረችላት። ደራራ ሪራ በደረሰ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ከሀዋኒ ማር ይገዛል። ጉዱ ግን ደራራ ማር አይወድም፤ ገና ሲሸተው ያጥወለውለዋል። ቤቱ በማር ጀሪካን ተሞልቶ መተኛ አጥቷል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በስልኳ ጽፋ ለራሷ ልታስቀምጥ አሰበችና፣ ጣቷ ስቶ የጨርቅ ናሙና የምትለጥፍበት የደንበኞቿ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ላከችው። ሦስት መቶ ምናምን ሴት! ያንን ሳታውቅ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከታ የአስር ሶላት ልትሰግድ ሄደች። ስትመለስ መሳቢያው እንደ ቀፎ ይጮሃል።

«ያ አላህ!» ብላ ልታጠፋው ስትጣደፍ የመጀመሪያው መልእክት ዓይኗ ገባ። «ከዚያስ?» ይላል። ሁለተኛውም «ከዚያስ?» ሦስተኛዋ ደግሞ ቀሚሷን ልታሳጥር ቀጠሮ የያዘች ሴት ነበረች፤ «ቀሚሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ልጁ ማሩን ምን እንዳደረገው ንገሪኝ» ብላለች።

ዩስራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። በማግስቱ ሁለተኛውን ምዕራፍ ጻፈች። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ አንድ ምዕራፍ ሆነ፤ ግሩፑም ጠበበና ቻናል ከፈተች።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት የጎባ መምህር ጋሼ ፍቅረሥላሴ ሱሪ ሊያሳጥሩ ገቡ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ምዕራፍ አምስት ነው፣ አሳትመውታል። ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ክብ በክብ ሆኗል።

«አንቺ ልጅ፣ አራት ነጥብ ምን በድሎሻል?» አሉ።

«ምኑ ነው የተሳሳተው ጋሼ?»

«አልነግርሽም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህ እስክሪብቶ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ። አንቺው ፈልጊው።» ሱሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ከበሩ ተመልሰው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ ጀሪካኖቹን የት ሊያደርጋቸው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዩስራ ፈለገች። ያገኘችውን የአማርኛ መጽሐፍ ሁሉ ተውሳ፣ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ቀሚስ እየፈታች፣ ስፌቱ የት ጋ እንደገባ እያየች መልሳ ሰፋችው። ጋሼ ፍቅረሥላሴም በየሳምንቱ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። የሚያሳጥሩት ሱሪ ሲያልቅባቸው የልጃቸውን አመጡ። ክቦቹ ከአርባ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ሰባት ወረዱ። አንድ ሐሙስ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ዩስራ እያገላበጠች ብታየው ምንም የለም። ደስታዋ ልክ አጣና መምህሩ ቆመው ሳሉ ስፌት መኪናው ዙሪያ እየዞረች እልል አለች፤ እሳቸው «ኧረ ሰው ይሰማል!» እያሉ እሳቸውም ይስቃሉ።

ሁሉ ግን ማር አልነበረም። አንዱ ሰው ቻናሉ ላይ «የአረብ ልጅ እንዲህ ያለ አማርኛ ከየት አመጣች? የሚጽፍላት አለ» ብሎ ለጠፈ። ዩስራ ያን ቀን አንድ ጉርድ ሁለት ጊዜ አበላሸች። ማታ ለእናቷ ብትነግራት ሎሚ በኦሮምኛ ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችላትና «አያትሽ እዚህ የተቀበረው ለሽርሽር መጥቶ ነው?» አለቻት። ሐሙስ ሲደርስ ዩስራ ምዕራፍ አሥራ ሰባትን ለቀቀች፤ እስከዚያ ከጻፈችው ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነበር።

ችግር የመጣው ምዕራፍ ሠላሳ አንድ ላይ ነው። ሀዋኒ ደራራ ቤት ድንገት ደረሰችና ያልተከፈቱ ጀሪካኖቿን አየች። «ማሬን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምስ ይወደኛል?» ብላ ተቆጣች፤ በሯን ዘጋችበት። ዩስራ ይህን ጽፋ፣ «አበቃ፣ እስከ ሐሙስ» ብላ ጨርቋን መቁረጥ ቀጠለች። የባሌ ሰው ግን ነገሩን መቁረጥ አልቻለም። ከደሎ መና ተደወለ፤ ከጂዳ ተደወለ። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትለካ መጥታ ስታለቅስ ዩስራ «ምነው፣ ጠበበሽ?» ብትላት «ደራራ አሳዝኖኝ ነው» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሎሚ ከጎባ ደወለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ዩስራ! ሽማግሌ መጥቷል! ቶሎ ነይ! አረንጓዴዋን ድሪያ ቀሚስሽን ልበሺ!»

«ምን ሽማግሌ አዮ? ለማን?» አለቻት እናቷን።

«ለማን ትላለች እንዴ! ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ አንዱ ሐጂ ናቸው!» ብላ ዘጋች።

ዩስራ አረንጓዴዋን ድሪያ የት ታገኛለች? ትከሻዋ ላይ ክር እንደተጣበቀ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ከሮቤ ጎባ እስኪደርሱ በሐሳቧ ሱቋ የረገጠውን ወንድ ሁሉ አንድ በአንድ ጠራች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ይሆን? ባለፈው አንድ ቁልፍ ሊያስተክል መጥቶ ግማሽ ቀን ቆይቷል። መልሳ ደግሞ በራሷ ትስቃለች።

ስትገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች በወጉ ተቀምጠዋል። ከጊኒር የመጡት የከብት ነጋዴው ሐጂ አብዱልሃኪም መሐል ላይ ናቸው። በቀኛቸው የጎባው ገበሬ አቶ ሸዋርጋ፣ በግራቸው ደግሞ ለሚ፣ የደሎ መናው አውቶቡስ ሹፌር፣ ኮት ለብሶ። ሎሚ ፊቷ በርቶ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። ዩስራ ሰላም ብላ ጥግ ያዘች።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢስሚላህ። የመጣነው ለክፉ አይደለም። እናንተ ሴት ልጅ አላችሁ፤ እኛም ወንድ ልጅ አለን።»

«አለችን! አለችን!» አለች ሎሚ ቸኩላ።

«ልጃችን ሹፌር ነው።»

«ሹፌርነት መልካም ሥራ ነው።»

«ጠባዩ የተመሰገነ ነው። አንድ ጥፋት ግን አለበት፤ አንደብቅም። ማር አይበላም።»

ሎሚ ግራ ገባት። «ማር ባይበላስ ምን አለበት ሐጂ? እኛም ቤት ማር አይዘወተርም።»

ሐጂ አብዱልሃኪም ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ማሻ አላህ! እርስዎ ይህን ካሉ መንገዱ ተጋመሰ። እንግዲህ ሀዋኒን ለደራራ ስጡልን።»

«ሀዋኒ ማናት?» አለች ሎሚ።

ለሚ አላስቻለውም። «እንዴት ማናት ይላሉ እማማ? የልጅዎ ልጅ ናታ!»

ሎሚ ቀስ ብላ ወደ ዩስራ ዞረች። ዓይኗ ፈጠጠ። «ልጅ አለሽ?!»

ዩስራ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤ ከግድግዳው ወደ ምንጣፉ ወረደች። አቶ ሸዋርጋ ተከተሉ። ለሚ ኮቱን ፈታ። ሐጂ ብቻ ነገሩን እንደያዙ ቆዩና «ቀልድ አይደለም» አሉ። «የልጄ ሚስት በየሐሙሱ ታነብልኛለች። ምዕራፍ ሠላሳ አንድን ካነበበችልኝ ወዲህ ቤቴ ሰላም የለም። ሴቶቹ ከሀዋኒ ጎን ቆመዋል፤ እኛ ከደራራ። ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፤ ወጋችን ነው። ልጅቷን የወለድሻት አንቺ ነሽ። ማን ዘንድ እንሂድ?»

«እኔማ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ነው» አለ ለሚ። «ነገ መንገድ ላይ ምን ብዬ ነው ሪራን የማልፈው?»

ዩስራ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። ሰዎቹ ከጊኒር ድረስ መጥተዋል። የልጅ እናት ሆና ተቀመጠችና እንደ ወጉ መለሰች። «መምጣታችሁ ክብር ነው። ግን ሀዋኒ የራሷ ፈቃድ ያላት ልጅ ናት፤ እኔ ይሁን ብዬ አልሰጣትም። ልጠይቃት። ለሐሙስ ተመለሱ።»

«ሐሙስማ አገሩ ሁሉ ያነበዋል!» አሉ አቶ ሸዋርጋ። «ለሽማግሌ ረቡዕ አይነገርም?»

«ለሽማግሌም ሐሙስ ነው።»

እነሱ ከወጡ በኋላ ሎሚ ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈች። ዩስራ ቅር እንዳላት ገብቷት አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ» አለች ሎሚ በመጨረሻ፣ «ይህች ሀዋኒ ቆንጆ ናት?»

«በጣም።»

«እንግዲያው እኔም ልወቃት። አንብቢልኝ።»

ዩስራ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ አነበበችላት። ሎሚ ሁለት ጊዜ ተነስታ ቆመች፤ አንድ ጊዜ «አንቺ ባለጌ!» ብላ ደራሲዋን ጉልበቷ ላይ መታቻት።

ሐሙስ ምዕራፍ ሠላሳ ሁለት ወጣ። ደራራ ጫካ ገብቶ፣ ራሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ቀፎ ሊሰቅል ሲል ንቦቹ ነደፉት። ፊቱ እንደ ዳቦ አብጦ በሀዋኒ በር ቆመ። ሀዋኒ በሩን ከፍታ አየችውና ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ «ግባ» አለችው። ሽማግሌ የሚባል ነገር ምዕራፉ ውስጥ የለም። ሐጂ አብዱልሃኪም ግን ጊኒር ገበያ ላይ «በእኛ ነው የታረቁት» ብለው ላገኙት ሁሉ አወሩ።

ለሚ በዚያ የሽምግልና ቅዳሜ፣ ከመውጣታቸው በፊት ያነሳው ፎቶ ከነታሪኩ አገር አዳረሰ። ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ደወለላት። ታሪኩን ወዶታል፤ ያትመዋል። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው።

«የብዕር ስም ብትወስጂስ?» አላት። «ዩስራ ሳልም ዓወድ ሲባል አንባቢው ትርጉም ሥራ ይመስለዋል።»

ዩስራ መቀሷን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ ሀዋኒን የወለድኳት እኔ ነኝ። ሽማግሌ የመጣው የአረቦቹ ቤት ነው። በዚህ ስም ካልሆነ ይቅር።» ስልኩን ዘጋችው። ምን ነካኝ ብላ ጥፍሯን ስትበላ ዋለች። ማምሻውን ሰውዬው «እሺ፤ እንደ ስምሽ ይሁን» ብሎ ጻፈላት። ዩስራ መልእክቱን ሦስቴ አንብባ ጎረቤቷን ባለ ሱቅ አቀፈችው፤ ሰውዬው እስካሁን ምክንያቱን አልተነገረውም።

መጽሐፉ ሮቤ ሲመረቅ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የሙሽራው የደራራ ወገንና የሙሽሪት የሀዋኒ ወገን ተለይተው ካልተቀመጡ ተብሎ ግማሽ ሰዓት ባከነ። ሎሚ በሙሽሪት ወገን መሐል ቁጭ ብላ፣ መድረክ መሪው ሳይጋብዛት ተነስታ የሀዋኒ አያት መሆኗን አስታወቀች። ለሽያጭ የመጣው መጽሐፍ ገና ንግግሩ ሳያልቅ አለቀ።

በሳምንቱ ለደሎ መና አንባቢዎች መጽሐፍ ልታደርስ በለሚ አውቶቡስ ተሳፈረች። ይህን ሁሉ ስለዚያ መንገድ የጻፈችው፣ ተሳፋሪ ሲያወራ ሰምታ እንጂ ከጎባ በላይ ወጥታ አታውቅም። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ሲደርሱ ለሚ ቀይ ቀበሮ አየና ለሰው ሊያሳይ መኪናውን አቆመ። ዩስራ ወረደች። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሜዳው እስከ ሰማይ ድረስ ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ሮጠች። ሂጃቧ ነፋሱ ላይ ተውለበለበ፤ ቀበሮው ቆም ብሎ አያትና ትቷት ሄደ። እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራልና ሃምሳ እርምጃ ሳትሄድ ሳሩ ላይ ዘጭ ብላ፣ እያለከለከች፣ እየሳቀች ተቀመጠች።

«ደራሲ!» ብሎ ለሚ ጥሩንባውን ነፋ። «ሪራም አንባቢ እየጠበቀን ነው!»

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች።